ሳያንኳኳ የሚበላ የለም

ሰኔ 18፣ ማታ

የመጨረሻውን ካርቶን ዛሬ ፈታሁ። ከእንግዲህ ቤቴ ይሄ ነው። የስፌት መኪናዬን ሳሎን፣ መስኮቱ ሥር አስቀመጥኳት፤ ብርሃኑ ደህና ነው። ሌላው ሌላው ግን አይጣል ነው። ግድግዳው ድንጋይ፣ ጣሪያው ሩቅ፣ ኮሪደሩ በጠራራ ፀሐይ ጨለማ። የእርጥበቱ ሽታ ቢወለወል ቢጠረግ አይለቅም። ደግሞ በር የለውም! የውጭው አለ፣ እሱም መወርወሪያ እንጂ ቁልፍ አያውቅም። ውስጡ ግን መኝታ ቤቱም፣ ወጥ ቤቱም፣ ሽንት ቤቱ ሳይቀር መጋረጃ ነው። ሽንት ቤት በመጋረጃ! ልጄ "እኔ እየዘፈንኩ ነው የምጠቀመው፣ ዘፈን ከሰማችሁ እንዳትገቡ" ብላ አሳቀችን።

መቃኖቹ ላይ ማጠፊያዎቹ እንዳሉ ናቸው፣ ቀለም ተቀብቶባቸዋል። ባሌን ጠየቅኩት። "አባዬ ነው በሮቹን የነቀላቸው" አለኝ። ለምን ስለው "እኔ ገና አልተወለድኩም ነበር" አለና ጫማውን ማሰር ጀመረ። ይሄ ሰውዬ አፉ የሚፈታው ጭነት መኪናው ላይ ሲወጣ ብቻ ነው።

የመጣነው አማቴን ልንጦር ነው። ባላቸው ካረፉ ወዲህ ብቻቸውን ናቸው፤ ልባቸውም ሄድ መለስ ማለት ጀምሯል። ባሌ የወሩን ግማሽ መንገድ ላይ ስለሆነ "ልንጦር" ማለት "ልትጦሪ" ማለት ነው። ይሁን። ክፉ ሴት አይደሉም።

ሰኔ 22

የማንኳኳቱን ነገር ሳልጽፈው ቆየሁ። እዚህ ቤት ሳያንኳኳ የሚበላ የለም። ምግብ ሲቀርብ እያንዳንዱ ሰው ጠረጴዛውን ኳ፣ ኳ፣ ኳ። አማቴ ዓይናቸውን አንድ በአንድ ላያችን ላይ ያዞሩና "ሁሉም አንኳኩቷል?" ይላሉ። ባሌ ከተጋባን ጀምሮ ያደርገዋል፤ የቤተሰብ ልማድ ነው ብሎኝ እስቅበት ነበር። እዚህ አላሳቀኝም። ዛሬ ሥራ አጣድፎኝ ዝም ብዬ ማንኪያዬን ሳነሳ አማቴ እጄን ያዙኝ። ያ ሁሉ ጉልበት ከየት መጣ? "አንቺ አላንኳኳሽም። እሷ አድርጋዋለች፣ እሱ አድርጎታል ሲባባሉ ነው ሰው የሚያልቀው" አሉኝ። አንኳኳሁ። ሾርባው እስኪበርድ እጄን አልለቀቁኝም።

ሰኔ 29፣ እሁድ

ዝንጉዋ መጣች። የባሌ ታላቅ እህት ናት፣ ክረምትም የማይዘጋ መዋዕለ ሕፃናት አስተማሪ። ዝንጉ የሚሏት ቤተሰቦቿ ናቸው፤ እሷም ራሷን እንደዚያው ነው የምትጠራው። ነገር ሁሉ መዳፏ ላይ በእስክሪብቶ ትጽፋለች። ልትወጣ ስትል ምድጃውን ተመልሳ ተመልሳ ታያለች። እኔ ግን እስከዛሬ አንድ ነገር ስትረሳ አላየሁም። የልጄን የጫማ ቁጥር ታውቃለች፤ አምና የነገርኳትን የጥርስ ሕመሜን ሳይቀር ጠየቀችኝ። "እትዬ፣ ለመሆኑ ምኑን ነው የምትረሺው?" ብላት "ኧረ ተይኝ እህቴ፣ የኔ መርሳት ሰው ጨርሷል" ብላ ሳቀች። አማቴ ወሬውን ሰምተው ከወንበራቸው ተነሱና መጋረጃውን ገልጠው ወጡ።

ሐምሌ 4

የጓሮው መካኒክ በአጥር በኩል ጠራኝ። ጋራዡ የቆመበት ቦታ ድሮ የዚህ ቤት ጓሮ ነበር፣ ተሸጦ ነው። "እናታችን ሳህን ይዘው ይመጡና ግድግዳዬን ያንኳኳሉ። ለማን ነው እማማ ስላቸው፣ አርፍጄባታለሁ፣ አርፍጄባታለሁ ይሉኛል" አለ።

"ምግቡስ?"

"ታዲያ ይጣል እንዴ? እበላዋለሁ" ብሎ ጥርሱን አሳየኝ።

እኔም ሳቅኩ። ቤት ስገባ ግን ሳቁ ጠፋ። ማን ላይ ነው ያረፈዱት?

ሐምሌ 7

የስፌት መኪናዬን ባቆምኩ ቁጥር ከጠረጴዛው በኩል ኳ፣ ኳ፣ ኳ የሚል ነገር ይሰማኛል። ሄጄ አያለሁ፣ ሰው የለም። መጋረጃው ብቻ ይወዛወዛል። አሮጌ እንጨት ዝናብ ሲጠጣ ይንጫጫል አሉ። እሱ ነው።

ሐምሌ 10

አማቴ ጠፉ። ጨርቅ እየቆረጥኩ ሳለ። ዝናብ። ዋናው መንገድ ላይ አውቶቡስ ፊት ቆመው ተገኙ፣ ሳህኑ ተሸፍኖ እጃቸው ላይ። ሾፌሩ እየተንቀጠቀጠ ሰደበኝ። ይገባኛል። አንድ እግር ጫማቸው አልተገኘም።

ሐምሌ 11፣ ማታ

ዝንጉዋ ትናንት ከሥራ በርራ መጣች። እናቷን አቅፋ አለቀሰችና "በር ይሠራላት" አለችኝ። ይሄን ከአፏ አውጥታ ራሷ ደነገጠች።

ባሌን በስልክ አገኘሁት። የበሩን ነገር ነገርኩት። "እዚያ ቤት በር?" አለኝ።

"ታዲያ ሥራህን ትተህ ና ጠብቃቸው።"

"እንደፈለግሽ።"

እንደፈለግሽ! እኔ ምኑን ፈለግኩት? የአንድ ትምህርት ቤት ዩኒፎርም ጭንቅላቴ ላይ ተከምሯል። ሌላ ከተማ የሚደርስ፣ ክፍል በክፍል የተለካ፣ ትምህርት ሳይከፈት የሚፈለግ ሥራ። አራት እጅ የለኝም። አሮጊት ላይ መቆለፍ ነውር መሆኑን አጥቼው አይደለም። ግን ሬሳቸውን ከአስፋልት ላይ ከማንሳት አይሻልም? ይሻላል። ይሻላል እንጂ።

ሐምሌ 15

አናጢው መጥቶ የአማቴን ክፍል መቃን ለካ። ሻይ አቀረብኩለት። እጁን ጠረጴዛው ላይ አሳለፈና "እህቴ፣ ይሄ እኮ በር ነው" አለኝ። አሳየኝ፤ የቁልፉ ቀዳዳ በስቱኮ ተሞልቶ ቀለም ተቀብቷል። ከዚያ በስልኩ እያበራ ከሥር ገባ። ቆየ።

"ምን አለ?"

"ተቧጥጧል። ከላይ እስከ ታች። በጥፍር ይመስላል።"

"አይጥ ይሆናል" አልኩት።

ወጥቶ ጉልበቱን አራገፈ። "ይሆናል" አለና ሻዩን ሳይጨርስ ሄደ።

አይጥ ነው እንጂ ሌላ ምን ይሆናል? አይጥስ ጠረጴዛ ሥር በጀርባው ተንጋሎ ምን ያደርጋል? እራቴን ሳህኑን ጭኔ ላይ አድርጌ በላሁ። አማቴ አዩኝ።

ሐምሌ 17

በሩ ተገጠመ። ከውጭ ጓጉንቸር ይንጠለጠልበታል፣ ቁልፉ አንድ ብቻ። ዛሬ ገበያ ደርሼ ለመመለስ ያህል ቆለፍኩ። ጠቅ ሲል ልቤም አብሮ ጠቅ አለ። አልጮሁም፣ አልተቆጡም።

ምሳ ይዤ ስመለስ አንኳኳሁ። ትልቅ ሰው ክፍል ሳያንኳኩ መግባት አይሆንልኝም። ከውስጥ መልሰው አንኳኩ። ኳ፣ ኳ፣ ኳ። ስከፍት መሬት ላይ በሩን ተደግፈው ተቀምጠዋል፣ ሁለት እጃቸውን ለሳህኑ ዘርግተው።

"እማማ፣ ወንበር እያለ ምነው መሬት ላይ?"

"አሁን ተራው የኔ ነው" አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው መብላት ጀመሩ።

ያረጀ ሰው ብዙ ይላል።

ሐምሌ 20፣ እሁድ ማታ

አልቻልኩም። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ብዬ ዝንጉዋን ወጥ ቤት ያዝኳት። "እትዬ፣ ጠረጴዛው የማን በር ነበር?" አልኳት። ሳህን እያጠበች ነበር። ውሃውን ዘጋችው።

አክስት ነበረቻቸው፣ የአባታቸው እህት። አእምሮዋ ታወከ። አንድ ቀን ቤቱን በእሳት ልትፈጀው ስትል ጓሮ፣ ዛሬ ጋራዡ ያለበት፣ አንዲት ክፍል ውስጥ ቆለፉባት። ምግብ ያመጣ ሰው ሦስቴ ያንኳኳል፤ እሷም ሦስቴ ትመልሳለች፤ ከዚያ በሩ ገርበብ ይልና ሳህኑ ይገባል። ዓመታት እንዲህ ኖረች። ታዲያ ቤተሰቡ ሩቅ ቦታ ሠርግ ተጠራ። ምግቧን ጎረቤት ያለችው ሴትዮ ልትሰጣት፣ ቁልፉን ደግሞ ልጅቷ፣ ማለትም ዝንጉዋ፣ ሮጣ ለሴትዮዋ ልታደርስ። ጎረቤቲቱ ቁልፍ ሳይመጣላት ሲቀር ከቤተሰቡ አንድ ሰው ቀርቷል ብላ ተወችው። ሠርጉ ደግሞ ረዘመ።

"ስትመለሱስ?" አልኳት።

"ስንመለስማ አባዬ አንኳኳ፣ መልስ የለም።"

አባትየው በዚያው ሳምንት የቤቱን በር ሁሉ ነቅለው ግቢ ውስጥ አቃጠሉት። የእሷን ክፍል በር ግን ጠረጴዛ አደረጉት። ከእንግዲህ ሳያንኳኳ የሚበላ የለም አሉ፤ ሁሉም ለራሱ ያንኳኳ፣ ማንም ሌላው አድርጎታል ብሎ እንዳይተው። እሳቸው እስከ ዕለተ ሞታቸው መስኮቱ ጋ ቆመው ነው የበሉት።

"ቁልፉን ታስታውሺዋለሽ?"

"አላስታውሰውም። ስንት ጊዜ ፈልጌዋለሁ መሰለሽ፣ በሕልሜ ሳይቀር። እናቴ ሰጥቻታለሁ ካለች ሰጥታኛለች። ረስቼው ነው። እኔ እረሳለሁ።"

ያኔ የወተት ጥርሷ ያልተነቀለ ልጅ! ውሃው መዳፏ ላይ የጻፈችውን አጥቦት ነበር። እስክሪብቶ ፈልጋ እንደገና ጻፈች። አንጀቴን በላችው።

ሐምሌ 24

ዛሬ የአማቴ ልብ ጥርት ብሎ ዋለ። ፀጉራቸውን ሳበጥርላቸው ማንም ሳይጠይቃቸው ጀመሩ።

"ቁልፉ ጡቴ ሥር ነበር" አሉ። "ለልጄ ልሰጣት ብዬ ጥድፊያ ላይ ረሳሁት። ሠርጉ ቤት ስጨፍር ይጎረብጠኝ ነበር፤ ጌጤ መስሎኝ። ሰጥቻታለሁ አልኩ። ባሌ እኔን ይገድለኝ ነበር። ልጅ ነች፣ ልጅ ይረሳል፣ ልጅን ማን ይገድላል ብዬ።"

ማበጠሪያው እጄ ላይ ቀረ። "እማማ፣ ለምን አልነገሯትም?"

"ዛሬ ነገ ስል እሷም አረጀች።" ደግሞ "አንቺ ንገሪያት። እኔ ስናገር ጃጀች ትላለች" አሉ።

እሺ አልኳቸው። እነግራታለሁ። ግን አሁን? ባሌ የለ፣ ሥራው አላለቀ፣ እሷ ሰምታ ብትወድቅብኝስ? ሥራው ይለቅና። እስከዚያው ሆድ ይፍጀው።

ሐምሌ 27፣ እሁድ

ዩኒፎርሙ ዛሬ ካለቀ ነገ ከልጄ ጋር አድርሰን እንመለሳለን። ከዝንጉዋ ጋር የተስማማነው እንዲህ ነው፦ ቁልፉን ከሰጠኋት እሄዳለሁ፣ ነገ ከሥራ ወጥታ እናቷን ትይዛለች፤ ካልሰጠኋት አልሄድም፣ መምጣት የለባትም።

ማታ። አለቀ! ዝንጉዋ ስትወጣ የመጨረሻውን ኮሌታ እያያያዝኩ ነበር፣ አፌ ስፒል ሞልቶ። በእጄ ቻው አልኳት። ያን ነገር ለመንገር አልተመቸም፣ እንዴት ብዬ? ቁልፉን ግን ሰጥቻታለሁ።

ሐምሌ 28፣ ጠዋት

ሚኒባሱ ጥሩምባ እየነፋ ነው። አማቴ ቁርስ በልተዋል። ጓጉንቸሩን ጠቅ አደረግኩ። ዝንጉዋ ትመጣለች። ዝናብ። ልጄ ጃንጥላ ረሳች። ሄድን።

ሐምሌ 29

ወንዙ ሞልቶ ድልድዩ ተዘግቷል። ስልክም አይሠራም። ትምህርት ቤቱ ክፍል ሰጥቶን አደርን። ዝንጉዋ ስላለች አላሰብኩም። እውነቱን ልጻፍ፣ ከስንት ጊዜ ወዲህ እንቅልፍ ጠገብኩ። ምሳ ስንበላ ልጄ ጠረጴዛውን አንኳኳች፣ ለክረምት ትምህርት የመጡት ተማሪዎች ሳቁባት።

ሐምሌ 30

ዛሬም ተዘግቷል። ዝንጉዋ አለች።

ነሐሴ 1

ቤቱ ጭር ብሏል። ዝንጉዋ የለችም። ጓጉንቸሩ እንደቆለፍኩት ነው። አንኳኳሁ። አንኳኳሁ። ምንም።

መካኒኩ በብረት መቁረጫ ቆረጠው። መሬት ላይ ናቸው፣ በሩን ተደግፈው፣ ከንፈራቸው ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ሕይወታቸው አለች። መካኒኩ ራሱን ይዞ "ሲያንኳኩ ሰምቻለሁ እኮ! እንደ ልማዳቸው መስሎኝ! ሁልጊዜ ያንኳኳሉ ብዬ!" እያለ ይጮሃል።

ነሐሴ 2

ሆስፒታል። ባሌ መኪናውን መንገድ ላይ ጥሎ መጣ። ኮሪደሩ ላይ ዝንጉዋ "ቁልፍ አልሰጠሽኝም እኮ፣ አልሄደችም ብዬ ነው የቀረሁት" አለችኝ። ባሌ ወደ እኔ ዞረ።

"ሰጥቼሻለሁ" አልኩ።

መዳፏን አየች። "ሰጥተሽኛል እንዴ?" አለች። "ሰጥተሽኝ ረስቼው ይሆናል።" ቦርሳዋን ወንበር ላይ ዘረገፈችው፤ ጠመኔ፣ መሐረብ፣ የልጆች ስዕል። ከዚያ ቤቷን ልትፈትሽ ሮጠች።

ሰጥቻታለሁ። እዚሁ ደብተር ላይ ጽፌዋለሁ፣ ይኸው።

ነሐሴ 4

ሐኪሙ ኩላሊታቸው ደክሟል፣ ዕድሜያቸውም ነው አለ። ዕድሜያቸውም ነው። እሱ ነው ያለው፣ እኔ አይደለሁም።

አማቴ ዛሬ ዓይናቸውን ገለጡና የልጃቸውን እጅ ያዙ። "አንቺ ጥፋት የለብሽም" አሏት። ደጋግመው። ዝንጉዋ አልጋው ላይ ተደፍታ አለቀሰች። ስትወጣ አቀፈችኝና "ሁለቱንም ይቅር አለችኝ፣ ሁለቱንም" አለችኝ። ይቅርታ እንዳልነበረ አውቃለሁ። እኔ ብቻ ነኝ የማውቀው። ጀርባዋን ደባበስኳትና "ተጽናኚ" አልኩ።

ነሐሴ 5

አረፉ።

ነሐሴ 7

ቤቱ በሰው ተሞልቷል። "እንደ ልጅ ነው የጦርሻቸው፣ እግዜር ይክፈልሽ" ይሉኛል። አንገቴን እደፋለሁ፤ ሐዘን ይመስላቸዋል።

ባሌ እህቱን ለብቻዋ ሲያገኛት ጠብቆ ኮሪደሩ ላይ "ይሄ ሁለተኛሽ ነው" አላት። በር በሌለው ቤት ምን ይደበቃል፣ ሁላችንም ሰማነው። እሷ "አዎ" ነው ያለችው። ሌላ ምንም። "አዎ።" እኔ መጋረጃው ጀርባ ውሃ ይዤ ቆሜ ነበር። መግባት ነበረብኝ። ውሃውን አፈሰስኩትና ሌላ ልቀዳ ሄድኩ።

ልጄ ለምን አትሰፊም አለችኝ። ሐዘን ላይ ነን አልኳት። የሥራ ቦርሳዬ ከዚያ ከተማ ከተመለስን ጀምሮ ጥግ ላይ እንደተዘጋ ነው። ምን ልፈልግ ብዬ እከፍተዋለሁ?

ነሐሴ 8፣ ከሰዓት

የልጄ ቀሚስ ጠርዙ ተተርትሮባት መርፌና ክር ፈለገች። ቦርሳዬን ከፈተች። ከዚያ መጥታ አጠገቤ ቆመችና እጇን ዘረጋች።

"ሜትርሽ ውስጥ ተጠቅልሎ ነበር" አለችኝ።

ቁልፉ ነው። ትንሽ ነገር ነው። አሁን ሳየው እሁድ ማታ ከአንገቴ ሜትሩን ሳወርድ፣ ቁልፉን እዚያው ጠረጴዛው ላይ አድርጌ፣ ስትወጣ እሰጣታለሁ ማለቴ ትዝ አለኝ። አሁን አይደለም ትዝ ያለኝ። ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ፣ "ሰጥቼሻለሁ" ከማለቴ በፊት ትዝ ብሎኝ ነበር።

"ለአክስቴ እኔ ልስጣት ወይስ አንቺ ትሰጫታለሽ?" አለችኝ።

"አባትሽ..." አልኩ። "ለቀስተኛው ይበተንና..." አልኩ። "ነገ" አልኩ።

አልተቆጣችም። አየችኝ ብቻ። እኔም ደብተሬን ይዤ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ፤ ስጽፍ ሰው ስለማይጠራኝ። ዝንጉዋ ሳሎን ነች፣ ድምፅዋ ይሰማኛል። ዛሬም ቦርሳዋን ዘርግፋ እየፈለገች ነው፤ አንዲት ሴትዮ "በቃ ተይው፣ ሰው ነሽ፣ ሰው ይረሳል" ትላታለች። ባሌም እዚያው ነው። የምሰጣት ቁልፉን ብቻ አይደለም፤ የእናቷንም ነገር ነው፣ ከልጅነቷ ጀምሮ የተሸከመችውን፣ እሱ እየሰማ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። ባሌ ምን ይለኛል? ከዚህ ቤት ያስወጣኝ ይሆናል። ፈርቻለሁ። እግዚአብሔር ያውቃል ፈርቻለሁ።

ልጄ አልሄደችም። መጋረጃውን በአንድ እጇ ገልጣ ይዛ ትጠብቀኛለች።

"እማዬ፣ መጻፉን ተይና ተነሽ" አለችኝ።

ልነሳ ነው።